ፋውንቴን ፔን፦ ለስብስብ ወይስ ለዕለት ጽሕፈት?

ፋውንቴን ፔን የወደደ ሰው ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ሲገዛ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ልጽፍበት ነው ወይስ ላስቀምጠው? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል» የሚል ነው። ለሰውየው እውነት ነው፤ ለብዕሩ ግን አይደለም። አንድ ሰው ሰብሳቢም ጸሐፊም መሆን ይችላል። አንድ ብዕር ግን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በአንድ ጊዜ የስብስብም የሥራም ሆኖ በደኅና አይከርምም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ምክንያቱ የጣዕም ጉዳይ ሳይሆን ቀለሙ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ «እርስዎ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?» ከማለቴ በፊት ከቀለሙ እጀምራለሁ።

ቀለም የገባበትና ቀለም ያልገባበት

ፋውንቴን ፔን ቀለም የሚያወርደው ስለተጫኑት አይደለም። ከኒቡ፣ ማለትም ከሚጽፈው የብረት ጫፍ፣ ሥር ፊድ የሚባል ቁራጭ አለ፤ በርዝመቱ እጅግ የቀጠኑ ቦዮች ተቆርጠውበታል። ቀለሙ በቦዮቹ ጠባብነት ተስቦ ይወርዳል፤ በወረደው ልክ አየር ወደ ቋቱ ይገባል። ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያገኘው በዚሁ የቀለምና የአየር ልውውጥ ላይ ነው። ዛሬም ውድም ይሁን ርካሽ ብዕር የሚሠራው በዚያው መርህ ነው።

በቦዮቹ ውስጥ ያለው ቀለም በአብዛኛው ውሃ ነው። ብዕሩ በየቀኑ ሲጻፍበት አዲሱ ቀለም አሮጌውን እየገፋ ያልፋል፤ ቦዩም ሳይደፈን ይቆያል። ተከድኖ ለሳምንታት ሲቀመጥ ግን ውሃው በክዳኑ በኩል ቀስ እያለ ይተናል፣ የቀረው ማቅለሚያ ይወፍራል፣ ቆይቶም ቦዩን ይደፍነዋል። ፒስተን ባለው፣ ማለትም ውስጡ ባለ ተንቀሳቃሽ መግፊያ ቀለም በሚመጥጥ ብዕር ላይ ደግሞ የደረቀው ቀለም ፒስተኑን ከቋቱ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ባለቤቱ ከዓመት በኋላ ትዝ ሲለው በጉልበት ያዞረውና ይሰብረዋል። ቀለም ያልነካው፣ ወይም በደንብ ታጥቦ የደረቀ ብዕር ግን እንዲህ ዓይነት ችግር የለበትም፤ ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጦ ቀለም ሲያገኝ ወዲያው የሚጽፍ ብዕር ብርቅ አይደለም።

ብዕር በሰላም የሚኖረው እንግዲህ በሁለት ሁኔታ ነው፦ ወይ ቀለም ኖሮት ይሠራል፣ ወይ ደርቆና ነጽቶ ይቀመጣል። የሚጎዳው በመሃል ያለው፣ ተሞልቶ የተረሳው ነው። አሥራ ሁለት ብዕር ሞልቶ በሁለቱ ብቻ የሚጽፍ ሰው አሥሩን እየጎዳ ነው፤ ሰብሳቢም ጸሐፊም ያልሆነው እሱ ነው።

ከዚህ ሕግ በከፊል የሚያመልጡ አሉ። የጃፓኑ ፕላቲነም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው 3776 ሴንቸሪ ክዳን ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፋ ውስጠኛ ክዳን አለ፤ ኒቡን አጥብቆ ስለሚዘጋው ቀለሙ ለወራት ሳይደርቅ ይቆያል። (3776 የፉጂ ተራራ ከፍታ በሜትር ነው። ሞንብላንም በማይስተርሽቱክ ኒቦቹ ላይ 4810 የሚል ቁጥር ይቀርጻል፤ እሱም የተራራ ከፍታ ነው። ብዕር ሠሪዎች ተራራ ይወዳሉ።) ያው ኩባንያ ፕሬፒ በሚባለው እጅግ ርካሽ ብዕሩ ላይም ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሟል። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ከወርቅ ኒብ ይልቅ እንዲህ ያለ ክዳን ይጠቅመዋል።

ለዕለት ጽሕፈት ሲመርጡ

ለሥራ የሚሆን ብዕር ፍለጋ ላይ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ውበቱን ነው። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ክዳኑን ነው። በጥርስ የሚዞር ክዳን ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይለውም፤ በስብሰባ ላይ ግን በየደቂቃው አንድ መስመር ለመጻፍ ሁለት ዙር መክፈትና ሁለት ዙር መዝጋት ይሰለቻል። ይሰለቻልና ሰውየው ክፍት ይተወዋል፣ ኒቡም ይደርቃል። ለማስታወሻ ተጭኖ የሚዘጋ ክዳን ይሻላል፤ ወይም ጭራሽ ክዳን የሌለው የፓይለት ካፕለስ። ይህ ብዕር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን እንደ እስክሪብቶ ከኋላ ተጭነውት ኒቡ ይወጣል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ማንጠልጠያው ያለው በኒቡ በኩል፣ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ለአንዳንዱ ሰው መያዣ ይሆነዋል፣ ሌላውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያስመርረዋል። ሳይይዙት አይግዙት።

የላሚ ሳፋሪም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለተማሪ ልጆች ታስቦ የወጣ በመሆኑ መያዣው ጣትን ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚመራ ሁለት ጠፍጣፋ ጎን አለው። ብዕር በተለመደው መንገድ የሚይዝ ሰው አይሰማውም። አውራ ጣቱን አሳልፎ ለሚይዝ ግን ቅጣት ነው።

ስለ ኒብ ብዙ ይወራል፤ ለዕለት ሥራ ዋናው ውፍረቱ ነው። የጃፓን ሠሪዎች «ቀጭን» የሚሉት ከአውሮፓውያኑ «ቀጭን» ይቀጥናል፤ በግምት አንድ ደረጃ ልዩነት አለው። ፊደሉ ብዙ ዝርዝር ላለው ጽሕፈት፣ ትንሽ አድርጎ ለሚጽፍ እጅና ለተራ ወረቀት ቀጭኑ ይመረጣል። ወፍራም ኒብ ብዙ ቀለም ስለሚያወርድ የቀለሙን ውበት ያሳያል፤ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ወደ ወረቀቱ ጀርባም ያልፋል። በግራ እጅ የሚጽፍ ሰው እጁ የጻፈውን እየዳበሰ ስለሚያልፍ ቀጭን ኒብና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ያስፈልገዋል።

ወርቅ ወይስ ብረት? 14 ካራት ወርቅ 58.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ንጹሕ ወርቅ ነው። ወረቀቱን የሚነካው ግን ወርቁ አይደለም። በሁለቱም ዓይነት ኒብ ጫፍ ላይ ከኦስሚየም፣ ከሩቴኒየም ወይም ከመሰል ጠንካራ ብረት የተበየደች እንክብል አለች፤ የምትጽፈው እሷ ናት። ልስላሴው የሚመጣው ይህች እንክብል ከተሞረደችበት ጥራት ነው። ወርቅ ድሮ የተመረጠው የጥንቱ ቀለም አሲድ ስለነበረውና ወርቅ በአሲድ ስለማይበላ ነበር፤ ዛሬ የማይዝግ ብረት አለ። ወርቅ ኒብ ትንሽ የመለጠጥ ስሜት ሊሰጥ ይችላል፣ ያ ደስ ይላል፣ ግን ለሥራ ብዕር ግዴታ አይደለም። የመጀመሪያ የሥራ ብዕር ላይ ለወርቅ መክፈል ገንዘቡ ያለቦታው መዋሉ ነው እላለሁ። ያንኑ ገንዘብ ወረቀት ላይ ቢያውሉት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ወረቀት ስል ውፍረቱን ማለቴ አይደለም። ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ቀለም ሲነካው ግን ጠርዙ ሥር እንዳወጣ ይበተናል። ቶሞኤ ሪቨር የሚባለው የጃፓን ወረቀት ክብደቱ 52 ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ ቀለሙን በላዩ ይይዛል። ልዩነቱ ወረቀቱ ሲሠራ ውሃ እንዳይመጥ የሚደረግበት ሽፋን ነው። በሥራ ቦታዎ የሚሰጥዎ ወረቀት መጥፎ ከሆነና መቀየር ካልቻሉ ቀጭን ኒብ ይዘው ብዙ የማይፈስ ቀለም ይምረጡ። ያም ካልሆነ እዚያ በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ኮፒ በሥሩ ያለው ፎርም ላይም እንዲሁ፣ ፋውንቴን ፔን ተጭነው የሚጽፉበት ዕቃ አይደለምና።

ቀለሙ ራሱ ሌላ ምርጫ ነው። ለሥራ ብዕር ተራው፣ በውሃ የሚታጠበው ቀለም ይቅርታ አድራጊ ነው፤ ቢደርቅ እንኳ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። ሰነድ ላይ የሚፈርም ሰው ውሃ የማያስለቅቀው ይፈልጋል፤ ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከጥንት ጀምሮ የነበረው፣ ከዛፍ እባጭ ከሚወጣ ታኒንና ከብረት ጨው የሚሠራው ቀለም ነው። ወረቀት ላይ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ይጸናል። አሲድ ስላለው ግን ብዕር ውስጥ ተረስቶ መክረም የለበትም። ሁለተኛው ፒግመንት ያለው ቀለም ነው፤ ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣቶች ስላሉት ከደረቀ ከፊድ ውስጥ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ሁለቱም በየቀኑ ለሚጻፍበት ብዕር እንጂ ተራ ጠብቆ ለሚወጣ ብዕር አይሆኑም። የሥዕል ቻይና ቀለም ግን በምንም ዓይነት ፋውንቴን ፔን ውስጥ አይግባ። ማጣበቂያ ስላለው ቦዩን ለዘለቄታው ይዘጋዋል።

ቀለም መሙያው ብዙ አያከራክርም። ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ ትንሽ ቱቦ፣ ለመንገድ ይመቻል። ኮንቨርተር፣ በካርትሪጅ ቦታ የሚገባ መምጠጫ፣ ከጠርሙስ ለመሙላት ያስችላል፣ ግን የሚይዘው በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ነው። ፒስተን ያለው ብዕር ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ነው፣ ቀለም መቀያየር ለሚወድ ሰው ግን ማጠቡ ያታክታል። ካርትሪጁ ከሌላ ኩባንያ ብዕር ጋር ላይገጥም እንደሚችልም ይወቁ፤ ፓርከር፣ ላሚ፣ ፓይለት፣ ፕላቲነምና ሴይለር እያንዳንዳቸው የራሳቸው አላቸው። አውሮፕላን ላይ ከሆኑ ወይ ሞልተው ወይ ባዶ አድርገው ኒቡን ወደ ላይ ያቁሙት። ግማሽ የቀለም ቋት ውስጥ ያለው አየር ግፊት ሲቀንስ ይስፋፋና ቀለሙን ይገፋዋል፤ ሸሚዝ የሚበላሸው በዚህ ነው።

ለስብስብ ሲመርጡ

እዚህ ጥያቄዎቹ ሁሉ ይገለበጣሉ። ክዳኑ ቢያሰለች፣ ቀለሙ ትንሽ ቢሆን፣ ኒቡ ለእጅዎ ባይስማማ ምንም አይደለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ይህ ብዕር ከሌሎቹ ጋር ሲቀመጥ ምን ይነግራል?

ጥሩ ስብስብ ጥያቄ አለው ባይ ነኝ። ለምሳሌ ሰው ቀለም ወደ ብዕር እንዴት እንደሚገባ ሲያስብ የኖረበትን ታሪክ መሰብሰብ ይቻላል። ዋልተር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብት ያገኘበት በጎን ያለች ማንሻ ነበረች፤ ስትነሳ ውስጥ ያለውን የጎማ ከረጢት ትጨምቀዋለች። ፔሊካን እ.ኤ.አ. በ1929 የፒስተን ብዕሩን አወጣ። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1933 ውስጡ ባለ የጎማ ሽፋን ቀለም የሚመጥጠውን ቫኩማቲክን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1952 የሼፈር ስኖርክል መጣ፤ ኒቡ ቀለም እንዳይነካው ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ወጥታ ቀለሙን ከጠርሙሱ ትመጥጣለች። ጣት አይቆሽሽም፣ ኒብ መጥረግ የለም። በእኔ ግምት ሰው ጣቱ በቀለም እንዳይነካ ብሎ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ እጅግ የተወሳሰበውና እጅግ የሚያስደስተው ይህ ነው። አምስት ስድስት ብዕር ብቻ ይህን ሁሉ ያሳያል። ሌላው ደግሞ አንድን ሞዴል ብቻ ይዞ በዓመትና በመልክ ይከተለዋል፤ ፓርከር 51ን እንደሚሰበስቡት። ናሚኪ በ1920ዎቹ የጀመረውን፣ በላከር ላይ በወርቅ ዱቄት የሚሠራውን የማኪ‑ኤ ጥበብ የሚከተልም አለ፤ እሱ ከብዕር ሰብሳቢነት ይልቅ ወደ ሥዕል ሰብሳቢነት ይጠጋል።

ጥያቄ የሌለው ስብስብ ክምችት ነው። ባለፈው ወር በአዲስ መልክ የወጣውን ብዕር፣ በዚህ ወር በሌላ መልክ የወጣውን እየገዙ መከመር ሰብሳቢነት አይደለም፤ ጽሕፈትም አይደለም። መግዛት ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ቢያንስ የሚያደርጉትን በስሙ ይጥሩት።

በቁጥር ተወስነው የሚወጡ ብዕሮች እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ሞንብላን እ.ኤ.አ. በ1992 በሄሚንግዌይ ስም ያወጣው ብዕር ዛሬ እጅግ ይፈለጋል፤ የተሠራው ግን 20,000 ያህል ነው። ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ቁጥር ኖሯቸው ማንም የማይፈልጋቸው አሉ። ዋጋ የሚሰጠው ቁጥሩ ሳይሆን የሚፈልገው ሰው ብዛት ነው። «በዓለም 500 ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ሁልጊዜም እውነት ሊሆን ይችላል፤ አምስት መቶ ፈላጊ መኖሩን ግን አይነግርዎትም። አዲስ ብዕር ለትርፍ ብሎ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይከስራል። ከሱቅ እንደወጣ ያገለገለ ዕቃ ይሆናልና።

አሮጌ ብዕር ሲያዩ ማጉያ መነጽር ይያዙ። በመጀመሪያ በቀፎው፣ ማለትም በብዕሩ ገላ፣ ላይ የተቀረጸውን የሠሪውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ጥርት ብሎ ከተነበበ ቀፎው ብዙም አልተወለወለም ማለት ነው። እጅግ እያብረቀረቀ ጽሑፉ ግን ከደበዘዘ ሻጩ አሳምሮታል፤ የተወለወለው ደግሞ አይመለስም። ቀጥሎ የክዳኑን ከንፈር በብርሃን ላይ እያዞሩ ስንጥቅ ይፈልጉ። ኒቡ የዚያ ብዕር መሆኑን ያረጋግጡ፤ በሌላ ኒብ የተተካ ብዕር ይጽፍ ይሆናል፣ ለስብስብ ግን ጎዶሎ ነው። ሣጥኑ፣ ወረቀቱ፣ በቀፎው ላይ ያለች የድሮ የዋጋ ተለጣፊ እንኳ ለሰብሳቢ ትርጉም አላት። የሞንብላን ስም ያለበት ፎርጅድ ብዕር ደግሞ ብዙ ነው። ከታመነ ሻጭ ካልሆነ፣ ወይም ከእውነተኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ካላመሳከሩት፣ ይለፉት።

አቀማመጥ ላይ ብዙ ስብስብ ይጠፋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የድሮ ብዕሮች የተሠሩበት ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ጠላት አለው። ጥቁር ኢቦናይት፣ ማለትም በድኝ የጠነከረ ጎማ፣ ብርሃንና ውሃ ሲያገኘው ቡናማ ወይም የወይራ ዓይነት መልክ ያመጣል። ውሃ ውስጥ የዘፈዘፉት ኢቦናይት ጠዋት መልኩ ተለውጦ ሊያገኙት ይችላሉ። ከወተት ፕሮቲን የሚሠራው ኬዚን ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ሴሉሎይድ ከሁሉ ያምራል፤ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስባል። ናይትሮሴሉሎስ ስለሆነ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲያረጅም ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲታፈን ብዕሩን ራሱን ያፈርሰዋል፣ አጠገቡ ያለውን ብረትና ሌላ ብዕርም ይጎዳል። ስለዚህ ሴሉሎይድ አየር በማይገባው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አይቀመጥም። የሟሟ፣ መልኩ የደፈረሰ ወይም ጠረኑ የተለወጠ ሴሉሎይድ ካዩ ወዲያው ከሌሎቹ ይለዩት። የጎማ ከረጢት ያላቸውም ከውስጥ በሚወጣ ድኝ ነጣ ያለ ቀፏቸው ወደ ቡናማነት ይሄዳል። ሰብሳቢዎች ከረጢቱን በሌላ ዓይነት የሚያስቀይሩት ለዚህ ነው።

የሚሻለው ቦታ ጨለማ፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ፣ በጣም ያልረጠበ መሳቢያ ነው። መስታወት ሣጥን ውስጥ መስኮት ፊት የተደረደረ ስብስብ ለእንግዳ ያምራል፤ ለብዕሩ ግን ቀስ ያለ ጥፋት ነው። ስለ እያንዳንዱም ከማን እንደተገዛ፣ ምን እንደተጠገነ፣ ኒቡ የራሱ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይያዙ። ይህ መዝገብ እንደ ብዕሮቹ ሁሉ የስብስቡ አካል ሊሆን ይገባዋል።

ለሁለቱም የሚሆኑ፣ ለአንዱ ብቻ የሚሆኑ

መጀመሪያውኑ ለሥራ የተሠሩ አሮጌ ብዕሮች አሉ። ፓርከር 51 እ.ኤ.አ. በ1941 ሲወጣ ቀፎው ቀለም በማይበላው አክሪሊክ ነበር የተሠራው፤ ኒቡም እንዳይደርቅ ከነፊዱ ተሸፍኖ ጫፉ ብቻ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ያለው በመጭመቂያ የሚሞላው ዓይነት እስካሁን እንደ ልብ ይጻፍበታል፤ ብዙ ስለተሠራም አንዱ ቢጎዳ ሌላ ይገኛል። አሮጌ ብዕር ለዕለት ሥራ ለሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ኤስተርብሩክ የሚባለው አሮጌ ብዕርም ኒቡ እንደ አምፖል ተዞሮ ስለሚወጣ ማጠቡም መቀየሩም ቀላል ነው። ከአዲሶቹ ደግሞ ጌርድ ሙለር የነደፈው ላሚ 2000 አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በመልኩ እምብዛም ሳይለወጥ ስለሚሠራ የንድፍ ታሪክ ለሚሰበስብም፣ በየቀኑ ለሚጽፍም ያው አንድ ዕቃ ነው። ሁለት መግዛት አያስፈልግም፤ ይጻፉበት።

ቀለም ሊነካቸው የማይገባ ደግሞ አሉ። ከነተለጣፊው ያልተነካ አሮጌ ብዕር ቀለም አንዴ ሲገባበት ያልተነካ መሆኑ ያከትማል፤ ዋጋው ግማሹ ያ ነበር። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ሴሉሎይድ ቀይና ሐምራዊ ቀለም ከነካው አይለቀውም። በውስጡ የሚያሳይ ግልጽ ብዕርም አሮጌ ከሆነ አይሞላ። እንዲህ ያለው ብዕር እንዴት እንደሚጽፍ ማወቅ ከፈለጉና ከዚህ በፊት የተጻፈበት ከሆነ፣ ሳይሞሉት ኒቡን ብቻ በሚታጠብ ሰማያዊ ቀለም ነክረው ጥቂት መስመር ይጻፉና ወዲያው በውሃ ያጥቡት። ለማወቅ ይበቃል።

ታዲያ የትኛውን?

ራስዎን ከመጠየቅ ይልቅ የቀለም ጠርሙስዎን ይጠይቁ። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ሞሉ? በየሳምንቱ ከሆነ እርስዎ ጸሐፊ ነዎት፤ ሁለት ወይም ሦስት ብዕር በአንድ ጊዜ ሞልተው ማዞር ይችላሉ፣ ሁሉም ከመድረቃቸው በፊት ያልቃሉ። በወር አንዴ ከሆነ አንድ ብዕር ብቻ ይሙሉ። በሁለቱም ቢሆን ተጨማሪ ብዕር የሚሞሉት አንዱን አጥበው ካደረቁ በኋላ ይሁን። ጠርሙሱ ካመት እስካመት ካልጎደለ፣ የሚጽፉት ሁሉ በኪቦርድ ከሆነ፣ ሳያፍሩ ሰብሳቢ ይሁኑ። «ብዕር ለመጻፍ ነው የተሠራው» እያሉ የሚወቅሱ አይጠፉም። የሚወቅሱት ሰዎች ስንት ብዕር አድርቀው እንዳበላሹ ግን አይነግሩዎትም።

ሌላው መለኪያ መጥፋት ነው። የሥራ ብዕር ይወድቃል፣ ይረሳል፣ «አንዴ ልፈርምበት» ብሎ የወሰደ ሰው እንደ እስክሪብቶ ተጭኖ ኒቡን ያጣምመዋል። (ለማዋስ አንድ እስክሪብቶ ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ።) ነገ ቢጠፋ ያንኑ ዓይነት መግዛት የሚችሉት ከሆነ የሥራ ነው። የማይተካ ከሆነ ከቤት አይውጣ። ውድነትና አለመተካት አንድ አይደሉም፤ ውድ ሆኖ በየሱቁ ያለ ብዕር ይጻፍበታል፣ ርካሽ ሆኖ ዛሬ የማይሠራ ብዕር መሳቢያ ውስጥ ይሻለዋል።

ገንዘቡም በተለያየ መንገድ ይሄዳል። ጸሐፊው ብዕሩን አንዴ ከገዛ በኋላ ወጪው ቀለምና ወረቀት ነው። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ አንድን ኮንቨርተር ከሃምሳ ጊዜ በላይ ይሞላል፤ ለብዙ ሰው የዓመትና ከዚያ በላይ ቀለም ነው። ሰብሳቢው ወጪው ጥገና፣ ማጣቀሻ መጽሐፍና የተሻለ ናሙና ሲመጣ የነበረውን መተካት ነው። አሮጌውን ካልሸጠ መሳቢያው ይሞላል፣ ወደ ክምችት የሚሄደውም በዚያ በኩል ነው።

ብዙ ሰው ግን ወደዚህ ምርጫ የሚመጣው ገዝቶ ሳይሆን ወርሶ ነው። ከአባት ወይም ከአያት የቀረ ብዕር እጅዎ ከገባ ወዲያው አይሙሉት፣ ውሃ ውስጥም አይዘፍዝፉት። ማንሻ ካለው አያንሱት፤ ውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ ከሆነ ይሰባበራል፣ በጉልበት ከተሞከረም ማንሻው ይጣመማል። ፒስተኑ እንቢ ካለ ይተዉት። ኒቡን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠርገው፣ ከምን እንደተሠራ ለሚያውቅ ጠጋኝ ያሳዩ። በቀፎው ላይ የሰው ስም ተቀርጾበት ከሆነ ሰብሳቢ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ ያ ስም የቤተሰብዎ ከሆነ ግን የመሸጥ ሐሳብ መጀመሪያውኑ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ብዕር አስጠግነው፣ በሚታጠብ ሰማያዊ ቀለም ሞልተው ይጻፉበት፤ በየወሩ አንዴ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፣ ለእረፍት ሲሄዱም ባዶ አድርገው ይሂዱ።